ጦርነቱ በአምቦ መንገድ ሲገባ፦ የዳር ሰፈር ልጆች ምን ታስታውሳላችሁ?

የአስኮ ልጅ (የውይይቱን ክር የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ይዞ መጣና «አባዬ፣ ጦርነት አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላየሁም ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጦርነቱን በእርግጥ አላየሁም። ከጦርነቱ የሚመለሱትን ግን አይቻለሁ።

በ1983 የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር። ያኔ አስኮ ከተማም አይደለም፣ ገጠርም አይደለም። በፊት ለፊት አስፋልት፣ በጓሮ የገበሬ ማሳ። ጎረቤታችን ቀን ጫማ ፋብሪካ ይውሉና ማታ ላም ያልቡ ነበር። «ከተማ ሄጄ መጣሁ» ነበር የሚባለው፣ ፒያሳ ደርሶ ለተመለሰ ሰው።

ወታደሮቹ መምጣት የጀመሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሄዱ ዕለት ነው። ከአምቦ በኩል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከዚያ መንገዱን ሞልተው። ሰልፍ የለ፣ ዘፈን የለ። በቴሌቪዥን የለመድነው ወታደር እግሩን እያነሳ የሚመታ ነው። እነዚህ ከሩቅ ገበያ የሚመለስ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔ ፊታቸውን አላስታውስም። እግራቸውን ነው የማስታውሰው። ጫማቸውን በማሰሪያው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ነበሩ፣ እግራቸው አብጦ አልገባ ብሏቸው።

እናቴ በር ላይ እንስራ ሙሉ ውሃ አስቀመጠች፣ ከነጣሳው። እኔ እቀዳለሁ፣ እነሱ ይጠጣሉ። «ተባረክ» ይሉኛል። ወደ ማታ ላይ አንዱ አጭር ወታደር ጠጥቶ አልሄድ አለ። ክላሹን ከአጥራችን ጋር አስደግፎ «እማማ፣ አሮጌ ልብስ አይጠፋም?» አለ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ይሄን ብረት ከደጄ አንሳልኝ» አለችው። «ውሰጂው» አላት። ክላሽ በሱሪ መሆኑ ነው።

ቤታችን ውስጥ ትርፍ ሱሪ አንድ ብቻ ነበር፣ የታላቅ ወንድሜ። ለእንቁጣጣሽ የተሰፋለት ቡኒ ሱሪ። ወንድሜ በ1982 በአፈሳ ተወስዶ ነበር። እናቴ ሱሪውን እንደተተኮሰ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው፣ በየጊዜው እያወጣች ታራግፈው ነበር። ገብታ ቆየች። ስትወጣ ይዛው ነው። አባቴ ምንም አላለም።

ሰውየው ከኮባው ጀርባ ሄዶ ቀየረ። ስለረዘመው ሁለቴ አጠፈው። ዩኒፎርሙን እናቴ የዚያኑ ማታ ከምጣዱ ሥር ማገደችው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ክላሹን አባቴ ሌሊት ተነስቶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተተው። አሁን ያ ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ባለቤቱ ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም።

እናንተስ? በአቃቂ፣ በኮተቤ፣ በሱሉልታ በኩል የነበራችሁ፣ ምን አያችሁ?

ትርሲት ዘአቃቂ

ወይ ሱሪው! ወንድምህስ ተመለሰ? እሱን ሳትነግረን ክር ይከፈታል?

እኛ ጋ ጦርነቱ የገባው በስንቅ ነው። ከ83 ዓመተ ምሕረት ብዙ በፊት። የሴቶች ማኅበሯ ሴትዮ መዝገብ ይዛ ትመጣለች። ለጦር ግንባር ይህን ያህል ኪሎ በሶ፣ ይህን ያህል ዳቦ ቆሎ፣ ይህን ያህል ድርቆሽ ከየቤቱ። አለኝ የለኝም አይባልም። የራሽን ስኳር ከቀበሌ ሱቅ የምትወስደው በማን ሆነና!

ግን ለእኛ ለልጆች በዓል ነበር። ግቢው ሙሉ እናቶች ተሰብስበው ይቆላሉ፣ ይወቅጣሉ። ዳቦ ቆሎ እየሰረቅን ባቡር ሐዲዱ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። የጅቡቲ ባቡር እስኪመጣ ቆርኪ ሐዲዱ ላይ አስቀምጠን እናስጨፈልቃለን። አንድ ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የነበረችኝን አንዲት ደስታ ከረሜላ በሶው ከረጢት ውስጥ ጨመርኳት። ለወታደሩ። እናቴ ከረጢቱን ሰፋችው። ማታ ከረሜላዬ ትዝ አለችኝና እሪ አልኩ። «ምን ሆንሽ?» ቢሉኝ እንዴት ብዬ ልናገር? እስከ ዛሬ ማን በላት ይሆን እላለሁ።

አቦ ማሜ የኮተቤ

ሃሃ ትርሲት ገደልሽኝ። ከረሜላዋ ናቅፋ ደርሳ ይሆናል።

የኛ ሰፈር ነገር ቀለሃ ነበር። ከ83 በፊት የልጅ ሀብት በቆርኪ ነበር የሚቆጠረው፣ አይደል? ከግንቦት 20 በኋላ ቆርኪ ዋጋው ወደቀ። መንገዱ ሁሉ ቀለሃ ሆነ። አንድ የክላሽ ቀለሃ በአስር ቆርኪ ነበር። የዲሽቃ ያገኘ ልጅ ደግሞ የሰፈሩ ባለጸጋ ነው። አፉ ላይ አድርገን እናፏጫለን። ከመቶ ሜትር ይሰማል። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ያላዝናል።

ይሄን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ግን አንድ ጓደኛችን ያልፈነዳ ነገር አግኝቶ በድንጋይ ቀጠቀጠው። በቀኝ እጁ የቀሩለት ሁለት ጣቶች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በግራ እጁ መጻፍ ለመደ። ከዚያ በኋላ እናቶቻችን እየዞሩ ኪሳችንን ይፈትሹ ጀመር። የኔ እናት የሰበሰብኩትን ቀለሃ በሙሉ ለቁራሌው ሰጠችብኝ። በምትኩ ሁለት ብርጭቆ ተቀበለች። ብርጭቆዎቹ እኔ እስካገባ ድረስ ነበሩ።

ቀን ቆጣሪው

ክሩ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ላስተካክል። የአስኮ ልጅ፣ ወታደሩ መንገድ ሞልቶ የመጣው መንግሥቱ የሄደ ዕለት ሊሆን አይችልም። እሱ የሄደው ማክሰኞ ግንቦት 13 ነው፣ በናይሮቢ አድርጎ ወደ ዚምባብዌ። ሥልጣኑን ለጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ነው የተወለት። የሌኒን ሐውልት የወረደው ሐሙስ ግንቦት 15። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ማክሰኞ ግንቦት 20። አንተ የምትለው ሰው በሰው የሆነው መንገድ ከመሐል ያለው ሳምንት መጨረሻው አካባቢ ይመስለኛል። ልጅ ሆነን አንድ ሳምንት አንድ ቀን ሆኖብን ነው።

ደግሞ ልብ ካላችሁ ነገሩ ሁሉ ማክሰኞ ነው። የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግንቦት 8 ቀን 1981፣ ማክሰኞ። ግንቦት 13፣ ማክሰኞ። ግንቦት 20፣ ማክሰኞ። የነፋስ ስልኩ ፍንዳታ ግንቦት 27፣ እሱም ማክሰኞ። አክስቴ እስከ ዛሬ ማክሰኞ ቀን ሩቅ መንገድ አትወጣም።

የአስኮ ልጅ

ቀን ቆጣሪው፣ ልክ ነህ መሰለኝ። በኔ ጭንቅላት ሬዲዮው «ሄደ» ሲል እና ወታደሩ ውሃ ሲጠይቀኝ አንድ ከሰዓት ነው።

ትዝታ ነኝ

ያ ዘመን ድህነት ቢኖርም ፍቅር ነበር። ሰው ተካፍሎ ይበላ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሁሉም በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ቤተሰብ አንድ ላይ ያመሻል። አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ሲያዳምጥ እግሩ ሥር ተኝቼ እሰማ ነበር። እንደዛሬው ሁሉም በየስልኩ አልነበረም። ናፈቀኝ።

የሟች ወንድም

ትዝታ ነኝ፣ አባትሽ ብርድ ልብስ የተከናነበው ለምን ይመስልሻል? ሙቀት ፈልጎ ነው? ጎረቤት ሰምቶ ለቀበሌ እንዳይናገርበት ነው። አንቺ እግሩ ሥር ተኝተሽ ሞቆሻል። እሱ ግን እየፈራ ነበር።

እኔ ከኮልፌ ነኝ። የማስታውሰው ፍቅር ሳይሆን አፈሳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ኳስ እየተጫወቱ መኪና መጣ። ሜዳውን ከበቡት። የሮጠ ሮጠ። ወንድሜ በረኛ ስለነበር ግቡን ጥሎ አልሮጠም። ይሄን ቀልድ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ በእውነት ለዚያ ነው ያልሮጠው። 17 ዓመቱ ነበር። አንድ ደብዳቤ ከሥልጠና ቦታ መጣ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም የለ፣ ሬሳም የለ፣ መርዶም የለ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ነበር የምትተኛው። ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶብናል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ደጉ ዘመን» አትበሉብኝ።

ትዝታ ነኝ

ይቅርታ ወንድሜ። ልክ ነህ። አባቴን በዚያ ዓይን አስቤው አላውቅም ነበር። ነፍስ ይማር እንዳልል እንኳ... አላውቅም ምን እንደምልህ።

አወያይ

ወገኖች፣ ክሩ በጣም ጥሩ እየሄደ ነው። ሦስት መልእክቶች አጥፍቻለሁ። ደርግ ይሻላል ኢሕአዴግ ይሻላል የምትሉ ሌላ ክር አለላችሁ። እዚህ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።

ሳሪስ ማዶ

ግንቦት 27 ስለተነሳ፣ እኔ በዚያ በኩል ነኝ። ቤታችን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ሲወጣ ነበር። ጦርነቱ አልቋል ብለን ከተኛን ሳምንት ሆኖናል እኮ! ገና ሳይነጋ ነው። መጀመሪያ ቤቱ በሙሉ ተነስቶ የተቀመጠ መሰለኝ። ከዚያ መስኮቱ ረገፈ። አያቴ ሚካኤል ተቆጥቶ መስሏት መሬት ተንበርክካ «ማረን» ትላለች። ሰማዩ በነፋስ ስልክ በኩል ቀይ ሆኖ ይንቦገቦጋል። የጥይት ግምጃ ቤቱ ነው።

ሰው ሁሉ ወጣ። በባዶ እግር፣ በሌሊት ልብስ፣ ፍራሽ ተሸክሞ። ወዴት እንደሚሮጥ የሚያውቅ የለም። የተወነጨፈው ነገር ሲያፏጭ ይሰማል፤ የት እንደሚወድቅ ግን አታውቅም። እናቴ ታናሼን አዝላ፣ እኔን በእጅ ይዛ፣ ማሳ ለማሳ ነው የሄድነው። አንድ ገበሬ በረቱን ከፍቶ አስገባን። ከላሞቹ ጋር ዋልን። ረፋድ ላይ ሚስቱ ለሁላችንም ገንፎ ሠራችልን። ስማቸውን አላውቅም። በኋላ ስናድግ ፈልገን ሄደን ነበር። ቦታው ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ገበሬው ወዴት እንደሄደ የሚነግረን አጣን።

በዚያ ቀን ወደ 100 የሚሆን ሰው ሞቷል። የ77ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው እዚያ ነው። ባልደረባው ደግሞ እዚያው ሞተ። ይሄን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ የማውቀው የገንፎውን ቅቤ ብቻ ነው።

ትርሲት ዘአቃቂ

ሳሪስ ማዶ፣ የናንተ መስኮት ሲረግፍ የኛም ረግፏል። አቃቂ ድረስ! አባቴ ለክረምቱ ላስቲክ መታበት። መስታወቱን ያስገባነው በዓመቱ ነው።

የአስኮ ልጅ፣ ወንድምህስ? እየጠበቅን ነው።

ቡልቡላ

እኛ ደግሞ አውሮፕላን ነበር የምንቆጥረው። ያኔ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወዲያ ማሳ ነው። አርብ ግንቦት 16 ከብት ስጠብቅ የአውሮፕላኑ ብዛት አስደነገጠኝ። አንዱ ሳይነሳ ሌላው ያርፋል። ሌሊቱንም አልቆመም። አባቴ «ባለሥልጣኖቹ እየሸሹ ነው» አለ። አጎቴ «የአሜሪካ ጦር ነው» አለ። በኋላ ነው የሰማነው፣ በ«ሰሎሞን ዘመቻ» ቤተ እስራኤሎቹን ወደ እስራኤል እያጓጓዙ ነበር። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው። ወንበሩን አውጥተው አንዱን ጃምቦ ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ጭነውበታል።

እኔ 23 ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከብቶቹ የሰው ጤፍ ገብተው ተገረፍኩ። የሰሎሞን ዘመቻን እኔ የማስታውሰው በአለንጋ ነው።

ጋሼ ቡራዩ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም 83 ላይ ቆማችኋል። የዳር ሰፈር ልጅ ጦርነት ያየው ከዚያ በፊት ነው። በ1969 እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነኝ። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲይዝ ሚሊሻ ከየክፍለ ሀገሩ እየተጫነ ታጠቅ ጦር ሰፈር ይገባ ነበር። ታጠቅ ከኛ ማዶ ነው፣ ወደ ሆለታ ሲወጣ። መኪናው ቀንና ሌሊት አያቋርጥም። እኛ ገፈርሳ ውሃው ዳር ከብት እየጠበቅን እጃችንን እናውለበልባለን። እነሱ ቀረርቶውን ያወርዱታል። የጎጃሙ በራሱ ዜማ፣ የወለጋው በራሱ፣ የጎንደሩ በራሱ። እኔ ቀረርቶ የተማርኩት ከመኪና ላይ ነው። የአንዱን መኪና መጀመሪያውን እሰማለሁ፣ መጨረሻውን አልሰማም፤ መኪናው ይሄዳላ። ስለዚህ እስከ ዛሬ መጨረሻ የሌለው ብዙ ቀረርቶ አውቃለሁ።

የአስኮ ልጅ፣ አንተ እግራቸውን ነው የማስታውሰው ብለሃል። እኔ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፣ አንተ ሲመለሱ። በዚያው መንገድ። የኔዎቹ አዲስ ጫማ ነበራቸው።

አቦ ማሜ የኮተቤ

ጋሼ፣ በእውነት ክፉኛ ነካኝ ይሄ።

ለገጣፎ 2000

እኔ የናንተ ልጅ ልሆን እችላለሁ፤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነበር። በ2014 የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጥቅምት ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ ሲባል። እኛ መንገድ ላይ ነን፣ የደሴ መንገድ ማለት ነው። አባቴ በየማታው ዱላና የእጅ ባትሪ ይዞ ሮንድ ይወጣ ነበር። የሒሳብ መምህር ነው እኮ! ዱላ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም።

የኔ ትዝታ ስልክ ነው። እናቴ ፌስቡክ ላይ የሚወራውን ሁሉ ታነብና ትገረጣለች። ከደቂቃ በኋላ ውሸት ነው ይባላል። እንደገና ትገረጣለች። ከኛ ግቢ የምትከራይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ትግራይ ቤተሰብ ያላት። ስልክ እዚያ ተቋርጦ ነበር። በየቀኑ የእናቷን ቁጥር ትደውላለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ሲላት እስከ መጨረሻው ታዳምጠዋለች። እናቴ ማታ ማታ ምግብ ይዛላት ትገባ ነበር፣ በር ዘግተው ሁለቱም ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እኔ አጥር ላይ ቆሜ ሰው እንዳይመጣ አያለሁ። ለምን እንደማይ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ገብቶኝ ነበር።

ቀን ቆጣሪው

ለገጣፎ፣ አዋጁ የታወጀው ጥቅምት 23 ነው። ላለመናገር ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩም። ማክሰኞ ነው።

የሟች ወንድም

ለገጣፎ፣ ለእናትሽ አክብሮቴን አድርሽልኝ።

ለገጣፎ 2000

አደርስልዎታለሁ። ግን ወንድ ነኝ 🙂

ትርሲት ዘአቃቂ

የአስኮ ልጅ!! ወንድምህ!!

የአስኮ ልጅ

እሺ እሺ። ሁለት ቀን የጠፋሁት ለዚሁ ነው። ደውዬለት ነበር፣ ከኔ የተሻለ ያስታውሳል ብዬ። የሟች ወንድምን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ መጻፉ ከበደኝ፣ ምክንያቱም የኛው ተመልሷል።

የመጣው በ1984 ለመስቀል ነው። ጦሩ ሲበተን ጎጃም ውስጥ ነበር። ከዚያ የተሐድሶ ካምፕ አስገቧቸው፣ ከዚያ ለቀቋቸው። እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ አላወቅሁትም። ውሃ የሚጠይቅ መስሎኝ ጣሳ ላመጣ ዞርኩ። በስሜ ሲጠራኝ ነው የቆምኩት።

የለበሰው ሱሪ የአንድ ትልቅ ሰው ነው፣ ሁለት እሱን ያስገባል። ወገቡን በሲባጎ አስሮታል። ቡሬ አካባቢ አንዲት እናት ናቸው የሰጡት፣ የሟች ባላቸውን። እሱም ክላሹን ሊሰጣቸው ሲል «ይሄን ብረት ከደጄ አንሳ» አሉት። ቃል በቃል። ይሄን ያወቅሁት ትናንት በስልክ ነው፤ እናቴ ያለችውን ስነግረው ዝም አለና «የኔዋም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለ።

እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ሞላ፣ ተለቀሰ፣ ተበላ። ማታ ሰው ሲወጣ ወንድሜ ሳጥኑን አየት አደረገና «ያቺ ቡኒ ሱሪዬ አለች?» አለ።

ሁላችንም አባቴን አየነው። አባቴ «ሰው ለብሷታል» አለው።

ወንድሜ ትንሽ አሰበ። «በቁመት ሆነችው?»

«ሁለቴ አጠፋት» አለች እናቴ።

ልጄ የቤት ሥራውን ሰኞ ነው የሚያስረክበው። ግማሽ ገጽ ነው የተባለው። እኔ ይሄን ሁሉ እየነገርኩት አራተኛ ገጽ ላይ ደርሷል። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «አባዬ፣ ጦርነቱስ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ቀን ቆጣሪው

ወንድምህ የገባበት ቀን ማክሰኞ ነው እንዳትለኝ ብቻ።

የአስኮ ልጅ

የመስቀል ማግስት ነው። ቁጠረው።

ቀን ቆጣሪው

ቆጠርኩት። እሁድ ነው።